የለቅሶ ቤት ስንዴ

እዚህ ከተሰበሰባችሁት መካከል፣ ስንዴ ከየሱቁ በጠፋባቸው በእነዚያ ዓመታት ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ስትቀመጡ፣ በመዳፋችሁ የተቀበላችሁት ንፍሮ ከማን ቤት በወጣ ስንዴ እንደ ተቀቀለ የጠየቀ ማን ነው? የቀበሌው ሱቅ ለየቤተሰቡ ከሚያድለው ውጭ ለለቅሶ የሚሆን ስንዴ እንደማይሰጥ ሁላችሁም ታውቁ ነበር፤ ሆኖም በዚህ በጉለሌ ሰፈራችን ንፍሮ ያልቀረበበት ለቅሶ አልነበረም። ስንዴ ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ገዝቶ፣ አስጭኖ፣ ኬላ አሳልፎ፣ ደብቆ አኑሮ፣ አትርፎ ሸጦላችሁ ነበር። ያ ሰው ዛሬ በፊታችሁ በሳጥን ውስጥ ያሉት ታላቅ ወንድሜ አቶ ፀሐዬ ወልዱ ናቸው።

ትናንት ከቀትር በኋላ የእድሩ ሽማግሌዎች የዜና ሕይወታቸውን ጽሑፍ እነሱው አዘጋጅተው አመጡልኝ። ጽሑፉ ያማረ ነው። «ከሁሉ ጋር በሰላም የኖሩ» ይላል፤ «በነጋዴነት ኅብረተሰቡን ያገለገሉ» ይላል፤ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ስላለው ዘመን ግን አንድ ቃል የለበትም፤ ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ ተኝተው የነበሩ ያስመስላል። እኔ ከዕድሜዬ አብዛኛውን በናይሮቢ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳገለግል የኖርኩ ሴት ስለ ሆንኩ፣ ገጽ የተቀደደለት መጽሐፍ እጄ ላይ ሲገባ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የራሴን ጽፌያለሁ። በአገር ባልነበርኩበት ጊዜ የሆነውን ከሟቹ ከራሳቸው አፍ፣ ከልጃቸው ከወይዘሮ ዓለምነሽ፣ እንዲሁም እዚህ ከቆሙት ከአንዳንዶቻችሁ ሰምቻለሁ፤ ከሁለት ሰው ያልሰማሁትን አላስገባሁም፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች ሲሆኑ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ጠይቄያለሁ።

አቶ ፀሐዬ ከአባታቸው ከአቶ ወልዱ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ መሰለች አየለ በ1916 ዓ.ም. እዚሁ ጉለሌ ተወለዱ። አባታችን ከሰላሌ እህል በአጋሰስ እያስጫኑ በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማ የሚያወርዱ ነጋዴ ነበሩ፤ እናታችን ደግሞ ያንኑ እህል ገበያ ላይ ተቀምጠው በቁና እየሰፈሩ ይሸጡት ነበር። እናታችን ቁናውን ሞልተው ከሰፈሩ በኋላ ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ዘግነው ይጨምሩበት ነበር። ይህቺ እፍኝ ምርቃት ትባላለች። ዋጋ አይከፈልባትም፣ ሕግ አያዝዛትም፤ ሻጩ ገዢውን ወድዶ፣ ነገም እንዲመለስለት ፈልጎ የሚሰጣት ናት። አቶ ፀሐዬ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት የተማሩት ነገር ቢኖር ይህችን እፍኝ መዝገን ነው፤ በኋላም በራሳቸው መጋዘን ውስጥ በሚዛን እየመዘኑ ሲሸጡ እንኳ ከሚዛኑ ላይ ሳያወርዱት አንድ እፍኝ መጨመርን አልተዉም።

በደብሩ ከየኔታ ዘንድ ተቀምጠው ዳዊት ደግመው ነበር፤ ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመን አባታችን ሲያርፉ ግን ትምህርታቸውን ጥለው በአባታችን አጋሰሶች ኋላ መሄድ ጀመሩ። ከድል በኋላ በማታ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ዘለቁ። ለራሳቸው እዚያ ላይ ያቆሙትን ትምህርት ለእኔ አላቆሙትም፤ የትምህርት ቤት ልብሴን፣ መጽሐፌን፣ በየዓመቱ የሚከፈለውን ሁሉ እየከፈሉ እስከ መጨረሻው አደረሱኝ። እኔ ያነበብኩት ሁሉ የተነበበው ከእህል በተገኘ ትርፍ ነው። ትርፍ የሚለውን ቃል በየአደባባዩ እንደ ስድብ ሲጠሩት ስሰማ ፊቴን የማላጠቁረው ስለዚህ ነው።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአዲሱ ገበያ የእህል መጋዘን ከፈቱ። ሥራቸው ምን እንደ ነበረ በአጭሩ ልናገር፤ ኋላ የተከሰሱበት ይኸው ሥራ ነውና። በጥርና በየካቲት፣ ገበሬው ወቅቶ ገበያው በእህል ሲጥለቀለቅና ዋጋው ሲወድቅ፣ ይገዙ ነበር። የገዙትን በርብራብ እንጨት ላይ ደርድረው፣ ጆንያውን ከግድግዳ አርቀው፣ በየጊዜው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ እየሰደዱ ሙቀት እንዳይፈጥር እየፈተሹ ያኖሩት ነበር። ከዚያም መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ከተማው እህል በሚያጣባቸው በሐምሌና በነሐሴ አውጥተው ይሸጡታል። በጥር ከገዙበት አስበልጠው ይሸጡ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አዎን፣ አስበልጠው ይሸጡ ነበር። ነቀዝ የፈጨውን፣ አይጥ የበላውን፣ የተሸካሚውንና የመኪናውን የሚከፍለው ይኸው ልዩነት ነበር፤ ከዚያ የተረፈው ደግሞ የእሳቸው ነበር።

ወንድሜን ጻድቅ ላደርጋቸው አልቆምኩም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ መግዣ ለሌለው ሰው የእሳቸው መጋዘን በር እንደ ሌላው ነጋዴ በር ዝግ ነበር። ገበያ ባዶ እጁን የመጣን ሰው እንደማያየው አውቃለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከሁለቱም ወገን የተጻፈውን አንብቤያለሁ፤ ለዚያ ሰው መንግሥትም ቤተ ክርስቲያንም ጎረቤትም ሊደርሱለት ይገባ እንደ ነበር አምናለሁ። ነገር ግን በጥር ገዝቶ ለነሐሴ የሚያኖር ሰው ከሌለ፣ በነሐሴ መግዣ ያለውም የሌለውም እኩል እንደሚራብ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም።

በ1947 ዓ.ም. አቶ ፀሐዬ ከወይዘሮ አፀደ ገብረ ማርያም ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ዓለምነሽንና ጌቱን ወለዱ። ወይዘሮ አፀደ ሳቃቸው ከአጥር ውጭ የሚሰማ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በቅጽል ስም የሚጠሩ ሴት ነበሩ፤ ባላቸውን «ጆንያዬ» ይሏቸው ነበር፤ አቶ ፀሐዬ ግን በሰው ፊት ሲጠሩበት ያፍሩ ነበር። ሁለቱም የዚህ እድር መሥራች አባላት ናቸው። በግቢያቸው ጥግ ሁለት ክፍል ቤት ሠርተው ከገጠር ለመጣ አንድ ወጣት ጸሐፊ አከራዩ። ያ ወጣት አቶ አድነው ናቸው፤ ዛሬ የእድሩ ዳኛ ሆነው በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ቆመዋል።

በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ ተብሎ ሲታወጅ፣ ሁለቱ ክፍሎች ከአቶ ፀሐዬ እጅ ወጥተው ወደ ቀበሌው ገቡ። አቶ አድነው ከዚያው ከቤቱ አልወጡም፤ የሚከፍሉት ኪራይ ብቻ ቀነሰ። በዚያን ሰሞን እሳቸውም ደስ አላቸው፤ ማን ይፈርድባቸዋል። ቆርቆሮው መዝገግ ሲጀምር ግን የሚቀይረው ጠፋ፤ ተከራዩ የእኔ አይደለም ይላሉ፣ ቀበሌው በጀት የለኝም ይላል፣ የሠሩት ሰው ደግሞ እንዳይነኩት ተከልክለዋል። አቶ ፀሐዬ በክረምት ማለዳ በመስኮታቸው ቆመው ያ ጣሪያ ሲያፈስ ሲያዩ፣ ከቤቱ መወሰድ ይልቅ የቤቱ መበላሸት ያንገበግባቸው እንደ ነበር ወይዘሮ ዓለምነሽ ነግራኛለች።

ከዚያም ተራው የእህሉ ሆነ። በጥርም ሆነ በነሐሴ አንድ እንዲሆን የእህል ዋጋ ከላይ ተወሰነ፤ ዋጋውን የሚጠብቅ ኮሚቴም በየቀበሌው ተቋቋመ። በእኛ ቀበሌ የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ አድነው ሆኑ። አስቡት፤ በነሐሴ የሚሸጠው በጥር በተገዛበት ዋጋ ከሆነ፣ ከጥር እስከ ነሐሴ እህል የሚጠብቅ ሰው ነቀዙንና አይጡን ከኪሱ ይቀልባል ማለት ነው። ሌሎች ነጋዴዎች ይህን ወዲያው ተረድተው ያላቸውን ሸጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። ወንድሜ አልሰበሰቡም፤ ይህ ዋጋ እስከ ክረምት የማይዘልቅ መስሏቸው ነበር። በዕድሜያቸው የሠሩት ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ የሠላሳ ዓመት የእህል ነጋዴ ስሕተት ነው፤ ወቅት ሲለዋወጥ ያየ ሰው ትእዛዝም እንደ ወቅት የሚለዋወጥ ይመስለዋል።

በ1968 ዓ.ም. ሐምሌ የኮሚቴው ሰዎች ከአብዮት ጠባቂዎች ጋር መጥተው መጋዘኑን አስከፈቱ። ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሮ አገኙት፤ ሌላ ምን ሊያገኙ ነበር፣ የእህል መጋዘን ነው። የሰፈሩን ሰው በደጁ ሰበሰቡና አቶ አድነው እርከኑ ላይ ቆመው፣ ይህ ሁሉ ጆንያ እዚህ ተደብቆ ነው እንግዲህ የእናንተ ልጆች የሚራቡት ብለው ተናገሩ። አቶ ፀሐዬ መናገር አልተፈቀደላቸውም ነበር፤ ሆኖም ተናገሩ።

«አቶ አድነው፣ ገና ሐምሌ ነው። ይህን ዛሬ ከጨረስነው ነሐሴን ምን ልንበላ ነው?»

ከሕዝቡ መካከል አንዱ «ነሐሴን አብዮቱ ያበላናል፤ አንተ ለራስህ አስብ» አለና ሁሉም ሳቀ። ያን የተናገረው ሰው ዛሬ እዚህ ቆሟል፤ ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። እህሉ በሁለት ቀን ውስጥ በተወሰነው ዋጋ ለተሰለፈው ሁሉ ተሸጦ አለቀ፤ ከተሰለፉት ብዙዎቹ የጳውሎስና የሌላ ሰፈር ሰዎች ነበሩ፤ ወሬው ከሰፈራችን እናቶች ቀድሞ ሩቅ ደርሶ ነበርና። አቶ ፀሐዬ አሻጥረኛ ተብለው ታሰሩ፣ የመጋዘኑም በር ታሸገ። ነሐሴ ሲመጣ የቀበሌው ሱቅ ባዶ መደርደሪያውን ታቅፎ ሲውል፣ ሰዉ ከማለዳ ጀምሮ ቅርጫቱን በሰልፉ ላይ እያስቀመጠ ይጠብቅ ነበር። ያን ጊዜ ሌላ አሻጥረኛ ተፈለገ፤ መቼም አይጠፋም፤ ተገኘ።

አቶ ፀሐዬ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ከአንድ ዓመት በላይ በእስር ቆዩ። ወይዘሮ አፀደ ስንቅ እያመላለሱ፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ፣ የእድሩንም ወርኃዊ መዋጮ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያጓድሉ ከፈሉ። እድሩም አንድ ጊዜ እንኳ አልቀበልም አላለም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከእስር ሲወጡ መጋዘኑ እንደ ታሸገ ነበር። የንግድ ፈቃድ የለ፣ ሥራ የሚሰጥ የለ። ሾዴ የሚባሉ የሱሉልታ ገበሬ፣ ከአባታችን ዘመን ጀምሮ እህል ያቀብሉን የነበሩ ሰው፣ ሊጠይቋቸው መጡና ስንዴ በቤታቸው ተከማችቶ እንደ ተቀመጠ ነገሯቸው። ለምን ለመንግሥት እንደማይሸጡ አቶ ፀሐዬ ሲጠይቋቸው «በዚያ ዋጋ ከምሸጠው አህያዬ ትብላው፤ እሷ እንኳ ትሠራልኛለች» አሉ። እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር፤ ከእንጦጦ ወዲያ ስንዴ አለ፣ ከእንጦጦ ወዲህ ስንዴ የሚፈልግ ሰው አለ፣ በመካከላቸው ያለው ተራራ ሳይሆን ኬላ ነው። አቶ ሾዴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንዴውን በባሕር ዛፍ ቅጠል ሸክም ውስጥ እየሸሸጉ በአህዮቻቸው ማውረድ ጀመሩ። የኬላው ጠባቂዎችም ቅጠል እንዲህ እንደማይከብድ ያውቁ ነበር፤ ድርሻቸውን እየተቀበሉ ዓይናቸውን ያዞሩ ነበር፤ ድርሻቸውም በስንዴው ዋጋ ላይ ይታከል ነበር። በዚያ ዘመን በጓሮ የሚሸጥ እህል ለምን ተወደደ ብሎ ነጋዴን የሚረግም ሁሉ ከዋጋው ውስጥ ስንቱ የኬላና የፍርሃት እንደ ነበረ አስቦ አያውቅም።

የመጀመሪያው ገዢ ማን እንደ ነበረ ልንገራችሁ። እድሩ ነበር። ሰው ሲሞት ንፍሮ ካልቀረበ ለቅሶው ለቅሶ አይመስልም፤ የቀበሌው ሱቅ ደግሞ ለሞተ ሰው ኩፖን የለውም። ስለዚህ ከስብሰባ ላይ አቶ ፀሐዬን በዝባዥ ሲሉ የዋሉት የእድሩ ሰዎች፣ ለቅሶ በሆነ ቁጥር በጓሮ በር መጥተው ይቆማሉ። አቶ ፀሐዬም ይሸጡላቸው ነበር፤ አትርፈው ይሸጡላቸው ነበር፤ ባያተርፉማ አቶ ሾዴ ተራራውን ለምን ይወርዱታል። ሚዛናቸው ስለ ተወሰደባቸው በእናታችን አሮጌ ቁና ይሰፍሩ ነበር፤ ከላዩም ያቺን እፍኝ ይጨምሩ ነበር። ማን እንደሚገዛ ሳይለዩ፣ በስብሰባ ላይ ማን ምን እንዳለ ሳያነሡ ይጨምሩ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወይዘሮ አፀደ ኩላሊታቸውን ታመው ጳውሎስ ሆስፒታል ተኙ፤ ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ፤ በሳምንቱ አረፉ። በሰፈራችን ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ማለዳ ተነሥቶ በየመንደሩ እየዞረ ሟቹን ይጠራል፣ ሰውም ይወጣል፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይመጣል። በዚያ ማለዳ ጥሩምባው አልተነፋም። አቶ ፀሐዬ ተረስቶ መስሏቸው ራሳቸው ወደ አቶ አድነው ቤት ሄዱ፤ የሄዱትም ራሳቸው ወደ ሠሩት ቤት ነው። አቶ አድነው በሩን ሳይከፍቱት በስንጥቁ በኩል ተናገሩ።

«ጋሼ፣ ከላይ ነው የመጣው። አሻጥረኛ ከእድር ይውጣ ተብሏል። በግሌ ግን በጣም አዝኛለሁ።»

በግል ማዘን ወጪ የለውም። ከላይ መጣ ያሉትን ትእዛዝ ያየ ሰው አገኝ እንደ ሆነ በእነዚህ ሳምንታት ስጠይቅ ሰነበትኩ፤ ማንም አላየውም። አንዱ ሌላው አይቶታል ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ወደ ሞተ ሰው ይመራኛል። እኔ እንደምጠረጥረው ከላይ የመጣ ነገር አልነበረም፤ ከላይ ሊመጣ ይችላል ብለው የፈሩ ሰዎች ቀድመው ፈጸሙት። ብጠራጠር አትፍረዱብኝ፤ ይህን ሳነብ እንኳ ከኋላ ረድፍ ማን ምን እንዳለ አስታውሶ የሚሄድ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ወይዘሮ አፀደን ማን ተሸከማቸው? በአዲሱ ገበያ የእህል ተሸካሚዎች አለቃ የነበሩት አቶ ሸፊ ወሬውን ሰምተው፣ ጓደኞቻቸውንና ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሩቅያን ይዘው መጡ። አቶ ፀሐዬ ሰው ሊፈልጉ ከግቢ ሲወጡ በር ላይ ተገናኙ።

«የእርስዎን ጆንያ ስንሸከም ኖረን፣ ለእትዬ ጊዜ ሰው ሊፈልጉ ነው?» አሏቸው።

ወይዘሮ ሩቅያ ከሴቶቹ ጋር ውኃ ሲያሞቁ ዋሉ። አቶ ሸፊና ጓደኞቻቸው ሳጥኑን በትከሻቸው ይዘው በሰፈሩ መካከል፣ በተዘጉ መስኮቶች አጠገብ አልፈው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አደረሱ፤ እስላም ስለ ሆኑ በሩ ላይ ቆመው ለካህናቱና ለሁለቱ ልጆች አስረከቡ፤ ቀብሩ እስኪያበቃም እዚያው በፀሐይ ቆመው ጠበቁ። በዚያ ቀን በለቅሷቸው ቤት ንፍሮ ነበር፤ ስንዴው ከራሳቸው ጓዳ ነው፤ የሚበላው ሰው ግን አልነበረም።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ የአቶ አድነው እናት አረፉ። ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ የጠፋው ስንዴ ብቻ ሆነ። እድሩ እንደ ልማዱ ሰው ቢልክ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ እንዲሄዱ የተጠየቁት ሁሉ ግን አፍረው አንሄድም ስላሉ፣ ሐዘንተኛው አቶ አድነው ራሳቸው በጓሮ በር መጡ። ወይዘሮ ዓለምነሽ በሩን ልትዘጋባቸው ስትል አባቷ ከለከሏት። ነጠላቸውን አደግድገው ወጥተው ምን ያህል እንደሚፈልጉ ጠየቁ፤ ዋጋውን ነገሩ፤ ዋጋው ከወይዘሮ አፀደ ለቅሶ በፊት የነበረው ዋጋ ነው፤ አንድ ሳንቲም አልጨመሩም፣ አንድ ሳንቲምም አልቀነሱም። ከዚያ ቁናውን ሞልተው ሰፈሩና፣ አፉን በእንጨት ጠርገው ልክ አድርገው ወደ ጆንያው ገለበጡት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። አቶ አድነው የለመዱት ስለ ጎደለባቸው ሳያስቡት ከአፋቸው ወጣ።

«ጋሼ፣ ምርቃቱስ?»

«የከፈሉበትን ሰፍሬያለሁ። ምርቃት ሰው ሲወድ የሚሰጠው ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእድሩ በሸጡት ስንዴ ሁሉ ላይ ያቺን እፍኝ ጨምረው አያውቁም። ለአቶ ሸፊ ቤት፣ ለመንገደኛ፣ ለማያውቁት ሰው ይጨምሩ ነበር። ለእድሩ ግን በእንጨት ጠርገው ይሰፍሩ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ዕጣው በልጃቸው በጌቱ ላይ ወጣ። ዕጣ ነው ተባለ። በቀበሌያችን ዕጣው የወጣባቸውን ቤቶችና ያልወጣባቸውን ቤቶች ሳስተያይ ዕጣው ማየት የሚችል ይመስለኛል። ጌቱ ወደ ሰሜን ዘምቶ ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ አልጻፈም። አቶ ፀሐዬ የሬዲዮ ዜና በሰሙ ቁጥር ከሬዲዮው ፊት ቆመው ነው፤ ተቀምጠው ሲሰሙ ያየ የለም።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ጉበታቸው ታመመ። እኔም ይህን ሰምቼ መጣሁ። በዚህ ዓመት በመጋቢት ያ ቆመው ይሰሙት የነበረው ሬዲዮ፣ ከእንግዲህ ነጋዴ እህል ገዝቶ ቢሸጥ እንደማይከለከል፣ ዋጋ በገበያ እንደሚወሰን፣ ኬላም እንደሚነሣ ነገረን። በሳምንቱ የመጋዘኑ ማሸጊያ ተነሣ። አቶ ፀሐዬ አልጋቸው ላይ ሆነው ሰሙት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። «የዘጉት በአንድ ምሽት ነው፤ የከፈቱትም በአንድ ምሽት ነው። ቁልፉ አሁንም እነሱ ጋ ነው ማለት ነው» አሉኝና ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ ስለ ገበያ ነፃነት ካነበብኩት ብዙ ገጽ ይልቅ ይህን ቃላቸውን አምነዋለሁ። በሕግ ያልታሰረ እጅ በሰጠ ጊዜም እንደ ነጠቀ ጊዜ ሊያስፈራ ይገባል።

አቶ ፀሐዬ ትናንት ማለዳ፣ ግንቦት 1982 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ጥሩምባው ተነፋ። ድንኳኑ ከዚህ በፊት ካየሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ምን ተገኝቶ ነው ብዬ ስጠራጠር መልሱ ለመምጣት አልዘገየም። ሽማግሌዎቹ ከጽሑፉ ጋር ሁለት ጉዳይ ይዘው ነበር። አንደኛው፣ አቶ አድነው የእህል ንግድ ፈቃድ ጠይቀዋል፤ ልጅቱም ብቻዋን ስለማትችለው መጋዘኑን ታከራያቸው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በዜና ሕይወቱ መጨረሻ ላይ «የበደሏቸውን ሁሉ ይቅር ብለው አርፈዋል» የሚል ቃል ይነበብ የሚል ነው። ይቅር ስለ ማለታቸው ማስረጃ ሲያቀርቡልኝ፣ ከሚስታቸው ሞት በኋላም ለእድሩ በዚያው ዋጋ ሲሸጡ መኖራቸውን ጠቀሱ።

ለሁለቱም በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እመልሳለሁ። አቶ አድነው ይነግዱ። ማንም እንዳይከለክላቸው እፈልጋለሁ፤ በጥር ይግዙ፣ በነሐሴ ይሽጡ፣ ከቀናቸውም ያትርፉ። መጋዘኑን ግን ወይዘሮ ዓለምነሽ ራሷ ትከፍተዋለች፤ አቶ አድነውም ሌላ መጋዘን ፈልገው ከአጠገቧ ሊነግዱ ይችላሉ፤ ገዢው ከሁለቱ ይመርጣል። ሁለተኛውን በሚመለከት፣ በዚያው ዋጋ መሸጥ ንግድ ነው። ገዢውን ሲጠላ ዋጋ የማይጨምር፣ ሲወድም የማይቀንስ ሰው ነጋዴ ነበር ይባላል፤ ይቅር አለ አይባልም። ወንድሜ የሚጠሏቸውን ሰዎች ዘጠኝ ዓመት በሙሉ ሳያጭበረብሩ አበሏቸው፤ ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ካለ ያልከፈለበትን ነው የሚጠይቀው።

አቶ ፀሐዬ ወልዱ ልጃቸውን ወይዘሮ ዓለምነሽን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን እህታቸውን፣ እንዲሁም ይኑር አይኑር የማናውቀውን ልጃቸውን ጌቱን ትተው ሄደዋል። የትዳር ጓደኛቸው ወይዘሮ አፀደ በዚሁ ቅጥር ውስጥ ይጠብቋቸዋል፤ መቃብራቸውም ከጎናቸው ተቆፍሯል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ በምድር ያልተፈረደላቸውን እሱ ይፍረድላቸው፤ ጌቱም ካለ ይመልስልን፣ ከሌለም ነፍሱን ከአባቱና ከእናቱ ጋር ይደምርልን።

ካህናቱ ይቅር እንድል በዓይናቸው እየጠየቁኝ እንደ ሆነ አያለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ሊል ይችላል፤ ሥራው ነው፤ አልከራከረውም። ወንድሜ ይቅር አላሉም፤ ሞተዋልና ማንም ይቅር ሊያሰኛቸው አይችልም። በመስኮቱ ውስጥ ሆኖ ያየውን፣ ጥሩምባውን ያስቀመጠውን፣ የሳቀውን፣ ዛሬ አብዝቶ የሚያለቅሰውንም ጭምር፣ እኔ ታየች ወልዱ ማንንም ይቅር አላልኩም፤ አልልምም።